የፐብሊሸር ጽሑፍ እንዴት ወደ ወርድ ይዛወራል?

የዛሬው ትምህርት ከራሴ ችግር የመጣ ነው።

አያቴ ንብ አናቢ ነበሩ። ስለ ቀፎ፣ ስለ ንብና ስለ ማር የሚነገሩ የኽምጠኛ ቃላትን ታላቅ ወንድሜ እየጠየቃቸው ከነአማርኛ ትርጉማቸው በኮምፒውተር ጽፎ ነበር። አሁን አያቴ አርፈዋል፣ ወንድሜም ባሕር ዳር ነው፤ እኛ ጋ የቀረው ፍላሹ ብቻ ነው። ለመጽሔታችን በእጄ ልገለብጠው ብዬ እዚህ ሰቆጣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ብወስደው አልከፈት አለ። በጣም ደነገጥኩ! ለካ ፋይሉ አልተበላሸም፤ የተጻፈው በፐብሊሸር ነው፣ እዚያ ያለው ደግሞ ወርድ ነው። ወርድ የፐብሊሸርን ፋይል አይከፍትም።

ፐብሊሸር ማይክሮሶፍት በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮግራም ነው። የጥሪ ካርድ፣ ሰርተፊኬትና መጽሔት ይሠራበታል። ወርድ ላይ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፐብሊሸር ላይ ግን እያንዳንዱ ጽሑፍ በራሱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ይህን ሳጥን አትርሱት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ማይክሮሶፍት ፐብሊሸርን በኦክቶበር 2026፣ በእኛ በጥቅምት 2019 ዓ.ም. አካባቢ እንደሚያቆም አሳውቋል። እየተከፈለበት በሚሠራው ማይክሮሶፍት 365 ከዚያ በኋላ የፐብሊሸር ፋይል በፐብሊሸር መክፈት አይቻልም። አንዴ ተገዝቶ የተጫነው መሥራቱን ይቀጥላል፣ ማሻሻያ ግን አያገኝም።

የአይሲቲ መምህራችን ላፕቶፕ ላይ ፐብሊሸር ስላለ እሳቸው ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ ‹ሴቭ አዝ› ብለው በፒዲኤፍ አስቀመጡት። ፒዲኤፍ መልኩን እንዳለ ይይዛል፣ ለማረም ግን አይመችም። ፒዲኤፉን በወርድ ሲከፍቱት ደግሞ የቀፎው ሥዕል ጽሑፉ ላይ ወጣበት፣ አንዳንድ ፊደልም ተዛባ። ፐብሊሸር የሌለው ሰው በነፃ የሚገኘውን ሊብሬ ኦፊስ ይጫን፤ ድሮው የሚባለው ክፍሉ የፐብሊሸርን ፋይል ይከፍታል።

ስለ ፊደልም ልንገራችሁ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዩኒኮድ ባልሆነ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነገር ፎንቱ ከሌለ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። ተበላሸ ብላችሁ እንዳታጠፉት! ፎንቱ ሲጫን ይመለሳል።

በመጨረሻ መምህር እያንዳንዱን ሳጥን ከፍተው፣ ኮንትሮል ኤ ተጭነው ሁሉንም መረጡና ኮፒ አድርገው ወርድ ላይ ለጠፉት። እኔ ቃላቱን ቆጠርኩ። ፒዲኤፉ ላይ 61 ነበሩ፤ ወርዱ ላይ 65 ሆኑ! ሁለቴ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። ለካ ሳጥኑ ጠብቦ አራት ቃላት ከታች ተደብቀው ኖረዋል። ከሳጥኑ የተረፈ ጽሑፍ ስክሪን ላይም አይታይም፣ ሲታተምም አይወጣም።

አራቱን ቃላት ማታ ለሴት አያቴ አነበብኩላቸው። ሦስቱን ወዲያው አወቋቸው። አራተኛውን ግን ደጋግሜ እንዳነብላቸው ካደረጉ በኋላ፣ «እሱማ የአያትህ የራሱ ቃል ነው፤ የሚቆጣ ንብ ሲያይ የሚላት» ብለው ሳቁ።