ልጆቻችን የጥናት ሥርዓት እንዲለምዱ ወላጅ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በዚህ ጽሑፍ ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆቻችን ጊዜያቸውንና ጥናታቸውን ማደራጀት እንዴት እንደሚለምዱ እንመለከታለን። በአሽቀሎን ከምናገኛቸው ወላጆች ደጋግመን የምንሰማው፣ «ዕብራይስጡን በደንብ ስለማናነብ ልጃችንን በትምህርት ልንረዳው አንችልም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሒሳቡን ማስረዳት ላንችል እንችላለን። ጊዜን መጠበቅና ሥራን በቅደም ተከተል መሥራት ግን በአማርኛም ይማሩታል።

ልጁ ሰነፍ ነው ወይስ ሥርዓት አልለመደም?

ደብተሩን ረስቶ የሚሄድ፣ ፈተና እንዳለበት በዋዜማው የሚናገር ልጅ ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» ይባላል። የማቀድና ራስን የመግታት ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው ከግንባር በስተጀርባ ባለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ወደ 25 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ቁመቱ ከአባቱ ያለፈ ጎረምሳም ሥራውን ማደራጀት ገና እየተማረ ነው። ስድብ ይህን አያስተምረውም፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል።

በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ሙያቸውን ለልጆቻቸው ያወረሱት በዚሁ መንገድ ነበር። ልጁ ጎናቸው ተቀምጦ መሣሪያው የት እንደሚቀመጥ፣ ከየትኛው ሥራ እንደሚጀመር ያያል። ዘር በወቅቱ ካልተዘራ ምርት እንደሌለም ያውቃል።

በአሽቀሎን ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል?

በኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲጀመር በከተማችን ላይ ብዙ ሮኬት ተተኮሰ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙ ቤተሰቦችም ለጊዜው ከተማውን ለቀው ወጡ። በጁን 2025 ከኢራን ጋር በተደረገው ጦርነትም ትምህርት ቤቶች እንደገና ተዘግተው ነበር። ደወልና አስተማሪ በሌሉበት ጊዜ፣ የራሱ ሥርዓት ያልለመደ ልጅ ይበልጥ ይቸገራል።

የባግሩት ፈተናም አይጠብቅም። አብዛኛው ፈተና ከ10ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ይሰጣል። ሒሳብና እንግሊዝኛ በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዬሂዶት ይማራሉ፤ ከፍ ያለው ደረጃ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ይረዳል። ልጁ የሚመደብበት ቡድን፣ ሀቅባጻ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀደም ብሎ በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይታያል። ችሎታ እያለው የቤት ሥራ ባለማስረከቡ ዝቅ ወዳለ ቡድን የወረደ ልጅ ወደ ላይ መመለስ ይከብደዋል።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ ከልጁ ጋር 15 ደቂቃ ተቀመጡ። ፈተናዎቹንና የቤት ሥራዎቹን ልጁ ራሱ በትልቅ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። እናንተ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በዚህ ሳምንት ምን አለብህ? መቼ ትሠራዋለህ? ምን ጎደለህ?

2. የጥናት ሰዓቱና ቦታው የተወሰነ ይሁን። ትንሽ ጠረጴዛ ይበቃል። በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ልጁ 25 ወይም 30 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ ይረፍ።

3. ጥናቱን በቀናት ይከፋፍለው። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ ሰው የተማረውን ካልደገመው ቶሎ እንደሚረሳ አሳይቷል። በፈተናው ዋዜማ ከሚደረግ የ4 ሰዓት ጥናት፣ በአራት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ይሻላል።

4. ልጁ ደብተሩን ዘግቶ ያጠናውን ለአያቱ በአማርኛ ያስረዳ። መጽሐፍ ሳያይ ማስታወስ ትምህርቱን ያጸናዋል። አያት ዕብራይስጥ ባያውቁ እንዲያውም ይሻላል፤ ልጁ ትምህርቱ ሳይገባው ሊተረጉምላቸው አይችልምና። ቋንቋችንም አብሮ ይጠበቃል።

5. በዚህ ዕድሜ በየቀኑ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል። ሌሊቱን ሲያጠና ያደረ ልጅ በፈተናው ላይ ይደክማል።

6. ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ለአስተርጓሚነት ወደ ሐኪም አትውሰዱት። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለበሽተኞች የቋንቋ እርዳታ እንዲያቀርቡ ያዛል። ስለዚህ በቁፓት ሆሊም የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።

የጥናት መካሪ ምን ያደርጋል?

የጥናት መካሪ የቤት ሥራውን ለልጁ አይሠራለትም። በየሳምንቱ እየተገናኘ ያቀደውን፣ የፈጸመውንና ያሰናከለውን ነገር ይጠይቀዋል፤ ቦርሳውንና ደብተሩን ማስተካከል ያሳየዋል። በእስራኤል ከ1974 ጀምሮ የሚሠራው ፔራሕ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎችን ከልጆች ጋር ያገናኛል፤ ተማሪዎቹም በምትኩ የትምህርት ክፍያ እርዳታ ያገኛሉ። በ2005 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያውያን ብሔራዊ ፕሮጀክትም በልዩ ልዩ ከተሞች ለማኅበረሰባችን ልጆች በትንንሽ ቡድን ተጨማሪ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። በልጃችሁ ትምህርት ቤት የትኛው እንዳለ የክፍሉን ኃላፊ መምህር ወይም የትምህርት ቤቱን አማካሪ ጠይቁ። በዚያው ቀን ልጁ በየትኛው ሀቅባጻ እንዳለና ከፍ ለማለት ምን እንደሚቀረው አስረዱን በሉ። የወላጅ ስብሰባ እስኪመጣ አትጠብቁ።

ሐኪም ማማከር የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ በቤትም በትምህርት ቤትም ሐሳቡን መሰብሰብ የሚቸግረው ከሆነ፣ ወይም ከጦርነቱ ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ፣ በትንሽ ድምፅ እየደነገጠ፣ ከጓደኞቹ እየራቀ ከሆነ፣ የቤተሰብ ሐኪሙን አማክሩ። ዓይኑና ጆሮውም ይመርመር። የትኩረት ችግር የአስተዳደግ ጉድለት የሚያመጣው አይደለም፤ እርዳታም አለው። ምርመራው ካረጋገጠለት ልጁ በፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ ሊፈቀድለት ይችላል።

ውድ ወላጆች፣ ሁሉንም ምክር በአንድ ሳምንት ለመፈጸም አትሞክሩ። በሚመጣው ቅዳሜ ማታ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ በወረቀቱና በሦስቱ ጥያቄዎች ጀምሩ። ልጁ ያቀደውን ሲፈጽም ከውጤቱ በፊት ጥረቱን አመስግኑት። በርቱ።