ለቤት የውሃ መስመር መዝጊያ ቫልቭ አመራረጥ

የማኅበር አባላት ለቤታቸው የቧንቧ ውሃ መዝጊያ ሲገዙ ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ዋጋውን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቧንቧ በፈነዳ ጊዜ ውሃውን ሊያቆም ያልቻለ መዝጊያ ታንከሩን ባዶ ያስቀራል። ስለዚህ የየዓይነቱን ሥራ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሀ/ ቦል ቫልቭ፦ በውስጡ ቀዳዳ ያለው ኳስ አለ፤ እጀታው ሩብ ዙር ሲዞር ይዘጋል። እጀታው ከቧንቧው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት፣ ቧንቧውን ካቋረጠ ዝግ ነው። ለቤት በቅድሚያ የምንመክረው ይህንን ነው። በረጅም መስመር ላይ ግን ቀስ ተብሎ ይዘጋ፤ በድንገት ከተዘጋ ሲሮጥ የነበረው ውሃ ቧንቧውንና መጋጠሚያዎቹን ይመታል።

ለ/ ጌት ቫልቭ፦ የሚያገለግለው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ወይም ተዘግቶ ነው። ግማሽ ተከፍቶ ከቆየ የሚዘጋው ብረት ይበላል። ውሃው ደለል ካለበት ደግሞ ደለሉ ከሥሩ ተጠራቅሞ ጠብቆ እንዳይዘጋ ያደርገዋል።

ሐ/ ግሎብ ቫልቭ፦ የውሃን መጠን ለመቆጣጠር ይሻላል፤ ነገር ግን ግፊት ስለሚቀንስ ከምንጭ በራሱ ለሚወርድ ደካማ ውሃ አይመችም። ሲገጠም በላዩ ያለው ቀስት የውሃውን አቅጣጫ ይከተል።

አገጣጠም፦ አንድ መዝጊያ በታንከሩ መውጫ፣ አንድ አንድ ደግሞ በየቤቱ መግቢያ ይደረግ። እንዲህ ከሆነ የአንዱ ቤት ብልሽት የጎረቤቱን ውሃ አያቋርጥም። እንዳይጣበቅም በየጥቂት ወሩ ዘግቶ መክፈት ይገባል።

በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚያፈስ መዝጊያ በቀን 20 ሊትር ያህል፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ውሃ ያባክናል። የልማት ሠራተኞች ይህንን ለአባላት በተግባር እንዲያሳዩ እናሳስባለን።