ቫይረሱ አንድ፣ ሕመሙ ልዩ ልዩ

አንድ ዓይነት ቫይረስ የያዛቸው ሰዎች እኩል አይታመሙም። አንዱ ሳይታወቀው ያልፍለታል፤ ሌላው አልጋ ይይዛል፤ ሕይወቱን የሚያጣም አለ። ዕድሜ፣ የምግብ እጥረት፣ ተጓዳኝ በሽታና ክትባት ለዚህ ልዩነት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ከእናትና ከአባት የሚወረሰው ዘረመልም እንዲሁ።

የመግቢያው በር

ቫይረስ የሚራባው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ነው። ኤችአይቪ ለመግባት መጀመሪያ በነጭ የደም ሕዋስ ላይ ያለውን ሲዲ4 የተባለ ፕሮቲን ይይዛል፤ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ ሲሲአር5 የተባለ ሁለተኛ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሲሲአር5ን በሚያሠራው ጂን ውስጥ 32 የዲኤንኤ ፊደላት የጎደሉባቸው ሰዎች መኖራቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ጉድለቱን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ሰው በሩ ስለተዘጋ በኤችአይቪ የመያዝ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰ ግን ሊያዝ ይችላል፤ ሕክምና ባያገኝም በሽታው ቀስ ብሎ ነው የሚጠናበት። ሁለቱንም የወረሱት ከሰሜን አውሮፓ ተወላጆች 1 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ጉድለቱ በአፍሪካ ከሞላ ጎደል የለም።

ጉድለቱ ለሕክምናም ጠቅሟል። ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለ ታካሚ ኤችአይቪም የደም ካንሰርም ነበረበት። በ2007 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ ሐኪሞች ይህን ጉድለት ከሁለቱም ወላጆቹ ከወረሰ ለጋሽ ሕዋሳት ወስደው ንቅለ ተከላ አደረጉለት። ካንሰሩ ስላገረሸ ንቅለ ተከላው በ2008 ተደገመ። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ቢያቆምም ቫይረሱ አልተመለሰም። በ2020 የሞተው በካንሰሩ ነው። ሲሲአር5ን የሚዘጋው ማራቪሮክ የተባለው መድኃኒትም የተሠራው ስለዚህ ጉድለት በተገኘው ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ ነው።

ይሁን እንጂ ጉድለቱ ጣጣም አለው። በወባ ትንኝ ዓይነት ነፍሳት የሚተላለፈው የዌስት ናይል ቫይረስ ሲሲአር5 በሌላቸው ሰዎች ላይ የባሰ ሕመም የማስከተል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

የመከላከያው ኃይል

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ወሳኙ የሰውነት ምላሽ ነው። በከንፈር ላይ ምች የሚባለውን ቁስል የሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ ለአብዛኛው ሰው ቀላል ነው። ቫይረስ መግባቱን የሚያስጠነቅቀው ቲኤልአር3 የተባለ ጂን በተበላሸባቸው ጥቂት ሕፃናት ግን አንጎል ድረስ ዘልቆ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በኮቪድም በ3ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ፣ ኒያንደርታል ከተባሉት የጥንት የሰው ዘመዶች የተወረሰ የዲኤንኤ ቁራጭ ሕመሙን እንደሚያከብድ በ2020 ታውቋል። ቁራጩ በደቡብ እስያ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ዘንድ ሲገኝ፣ በአፍሪካ እምብዛም አይታይም።

ለጥንቃቄ

ዘረመል አደጋውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል እንጂ ብቻውን አይፈርድም። እስካሁን ያልታመመ ሰው የተፈጥሮ መከላከያ እንዳለው በመልኩም ሆነ በዘሩ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ «እኔን አይዘኝም» ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ክትባት ላለው በሽታ መከተብ፣ ኤችአይቪን በኮንዶም መከላከልና መመርመር፣ ቫይረሱ ከተገኘም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ለሁሉም ይሠራል።