ከሱፐርማን ካባ በስተጀርባ፦ የጀግኖችን የሥዕል መጽሔት እንዴት እናንብብ?

የሥዕል መጽሔት ይዞ የተገኘ ተማሪ በመካከላችን ብዙ አይከበርም። ገሚሱ «የሕፃን መጫወቻ» ይለዋል፤ ገሚሱ ደግሞ የባዕድ ባሕል ማስፋፊያ ነው ብሎ በአንድ ቃል ዘግቶት ያልፋል። እኛ እንደምናምነው ግን ሁለቱም ወገኖች መጽሔቱን ገልጠው አላዩትም። ኮሚክስ የሚባለውን ነገር ማን ሠራው? መቼ ሠራው? ለማን ብሎ ሠራው? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ለሚያነብ ሰው ከሥዕሉ ደስታ ሌላ ብዙ ነገር ይገኝበታል። ደስታውንም ቢሆን የምናሳፍርበት ምክንያት የለንም።

ከመነሻው እንጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1938 በወጣው የአክሽን ኮሚክስ 1ኛ ቁጥር ነው፤ ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር። ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ክሊቭላንድ ከተማ የሚኖሩ፣ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ዘመኑ በአሜሪካ ሥራ አጥነት የበረታበት ነው። ታዲያ ያ የመጀመሪያው ሱፐርማን ዛሬ በፊልም እንደምናየው ከሌላ ዓለም ከመጣ ጭራቅ ጋር አይታገልም። መብረርም ገና አይችልም፤ ይዘላል እንጂ። በመጀመሪያው ቁጥር ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት ከመገደል ያድናል፤ ሚስቱን የሚደበድበውንም ባል ከግድግዳ ያላትመዋል። በ2ኛው ቁጥር ጦርነት የሚያስነሳውን የመሣሪያ አምራች አስገድዶ ራሱን ከተራ ወታደሮች ጋር ጥይት ውስጥ ያሰልፈዋል። 3ኛው ቁጥር ከሁሉ ይበልጥብናል። ለሠራተኞቹ ደኅንነት ደንታ የሌለው የማዕድን ጉድጓድ ጌታ ከነድግስ እንግዶቹ ጉድጓዱ ውስጥ ይዘጋበታል፤ እነዚያም የሐር ልብስ የለበሱ ሰዎች አካፋና ዶማ ይዘው መውጫ ለመቆፈር ይታገላሉ። በዚህ ታሪክ ሱፐርማን የማዕድን ሠራተኛ ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። ለእኛ ከቀዩ ካባ የበለጠ ያ ልብስ ያምርበታል።

ለድኻው የሚሟገተውን ይህን ጀግና የፈጠሩት ልጆች ግን መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። አሳታሚው ሚሊዮን ሲያፍስበት እነሱ ስማቸው እንኳ ከመጽሔቱ ላይ ተነሳ። በ1975 ትልቁ የሱፐርማን ፊልም እየተዘጋጀ ሳለ ሲገል አቤቱታውን ለጋዜጦች አሰማ። ሠዓሊዎቹ ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን ከጎኑ ቆሙ፤ በዚያን ጊዜ ሹስተር ዓይኑ ደክሞ ነበር። በመጨረሻ ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፍልና ስማቸውን ሊመልስ ተስማማ። የሠራተኛ መብት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

የማዕድን ጌቶችን የሚቀጣው ሱፐርማንስ የት ደረሰ? ቀስ በቀስ ለዘብ አለ። በ1954 ደግሞ አሳታሚዎች የመንግሥትን ቁጣ ፈርተው በራሳቸው ላይ የቁጥጥር ደንብ አወጡ። ደንቡ ፖሊስን፣ ዳኛንና ባለሥልጣንን ክብር በሚነካ አኳኋን ማሳየትን ይከለክል ነበር። ጀግናው ሁሉ የሥርዓት ዘበኛ ሆኖ ቀረ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ግድግዳው መሰንጠቅ የጀመረው ቆይቶ ነው። በ1970 ዴኒ ኦኔል በጻፈውና ኒል አዳምስ በሣለው የግሪን ላንተርን 76ኛ ቁጥር አንድ ጥቁር ሽማግሌ ጀግናውን ያፋጥጠዋል። በሌሎች ዓለማት ላሉት ሰማያዊና ብርቱካናማ ፍጡራን ስትደክም ኖርህ፤ ለጥቁሮቹስ ምን አደረግህ? ይለዋል በአጭሩ። ጀግናው አንገቱን ይደፋል። መልስ የለውም።

ከሁሉ አስቀድመን እንድታነቡት የምንመክረው ግን ኤክስመንን ነው። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ በ1963 ጀመሩት፤ ያበበው ግን ከ1975 ወዲህ በክሪስ ክሌርሞንት ብዕር ነው። ጀግኖቹ ሲወለዱ ጀምሮ ከሌላው ሰው የተለዩ በመሆናቸው የሚጠሉ፣ የሚመዘገቡ፣ የሚታደኑ ናቸው። ያም ሆኖ ለሚጠላቸው ሕዝብ ይታገላሉ። መካከለኛው ምሥራቅ ላለን ተማሪዎች ደግሞ አንዲት ገጸ ባሕርይ ልዩ ትርጉም አላት፤ ነፋስና ዝናብ የምታዘው ኦሮሮ፣ በቅጽል ስሟ ስቶርም። እናቷ ኬንያዊት፣ አባቷ አሜሪካዊ ጥቁር ናቸው። ካይሮ ሲኖሩ በ1956 በስዊዝ ጦርነት አውሮፕላን ቤታቸው ላይ ወድቆ ወላጆቿ ይሞታሉ። ሕፃኗ ከፍርስራሹ ሥር ተቀብራ ከቆየች በኋላ ትተርፋለች፤ ካደገችም በኋላ ጠባብ ቦታ ያስፈራታል። በካይሮ መንገዶች ኪስ እያወለቀች አድጋ፣ ኋላ ወደ እናቷ አገር በእግሯ ትጓዛለች። ካርታ ያየ ሰው በማን ጎረቤት እንዳለፈች ይገምታል!

ዓረብኛ ለሚማሩም አንድ ምክር አለን። ሱፐርማን ከ1964 ጀምሮ በቤይሩት በዓረብኛ ይታተም ነበር፤ ክላርክ ኬንትም «ናቢል ፋውዚ» የሚባል ጋዜጠኛ ሆነ። ባትማን «አልወጥዋጥ» ተባለ፤ የሌሊት ወፍ ማለት ነው። አሮጌ ቅጂዎቹ በካይሮ የአዝበኪያ መጻሕፍት ገበያ ወይም ሌላ ቦታ ቢያጋጥሟችሁ አትለፏቸው። ያልገባችሁን ቃል ሥዕሉ ይነግራችኋል፤ መዝገበ ቃላት ይህን አያደርግም። በአማርኛ ማንበብ ለሚሻም ብስራት ደበበ በ2018 ያወጣው «ጀምበር» አለ።

ስለ አንባቢዎቹም ጥቂት እንበል፤ ኮሚክስ ብቻውን የሚነበብ ነገር አይደለምና። በ1960 ገደማ አዘጋጁ ጁሊየስ ሽዋርትዝ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻቸው ማተም ጀመረ። ተራርቀው የሚኖሩ ወዳጆችም በዚህ ተገናኙ። በ1961 ዲትሮይት ውስጥ ጄሪ ቤይልስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር «ኦልተር ኢጎ» የተባለ መጽሔት በማባዣ መኪና አባዝቶ በፖስታ ያድል ጀመር። ቡለቲን በማባዣ ያወጡ ታላላቆቻችን ያ ቀለም እጅ ላይ እንዴት እንደሚቀር ያውቁታል። ተባባሪው ሮይ ቶማስ የሚዙሪ አስተማሪ ነበር፤ በ1972 የማርቭል ዋና አዘጋጅ ሆነ። እንግዲህ ደብዳቤ ጸሐፊው አንባቢ ወንበሩን ወረሰ ማለት ነው።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከኤክስመን 141ኛና 142ኛ ቁጥር ጀምሩ። በ1981 የወጣ፣ ጀግኖቹ ተሸንፈው በእስር ሰፈር የሚኖሩበትን መጪ ዘመን የሚያሳይ ታሪክ ነው። ደራሲዎቹ «መጪው ዘመን» ያሉት 2013ን ነበር፤ እሱም አለፈ። ቀጥሎ የሱፐርማንን ሦስት የመጀመሪያ ቁጥሮች አንብቡ፤ በጥራዝ ተሰብስበው ታትመዋል። የገዛ ሰው አንብቦ ለሌላው ያሳልፍ። 141ን ከ142 ለይቶ የሚያውስ ግን ጓደኛውን ሌሊቱን በሙሉ እንቅልፍ ይነሳዋል።