አራዊት ለማየት ወደ ቆላ ስለ መውረድና ስለ ጤና አጠባበቅ

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ከደጋ ከተሞቻችን ብዙ ቤተሰቦች የዱር አራዊት ለማየት ወደ ቆላ ይወርዳሉ። አንዳንዱ ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሄዶ ሳላው በፈንታሌ ተራራ ግርጌ ሲሰማራ ይመለከታል፤ አንዳንዱ እስከ አርባ ምንጭ ዘልቆ በጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሆኖ አዞውንና ጉማሬውን፥ በነጭ ሣር ሜዳም የሜዳ አህያውን ያያል፤ ጊዜና ገንዘብ ያለው ደግሞ እስከ ማጎ ይደርሳል። በውጭ አገር ሳፋሪ የሚሉት ይህንኑ ዓይነት ጉዞ ነው። አገርን ማወቅ መልካም ነገር ስለሆነ እኛም እንደግፈዋለን። ነገር ግን ለጉዞ የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ አንበሳና ስለ እባብ ነው፤ ስለ ቢምቢ የሚያስበው ጥቂቱ ነው። በኛ አስተያየት ፍርሃቱ ያለ ቦታው ውሏል።

አባቶቻችን በዚህ ነገር ጥንቁቆች ነበሩ። የደጋ ገበሬ የቆላ መሬቱን ሊያርስ ወይም ሊያጭድ ሲወርድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ደጋው ለመመለስ ይጣደፍ ነበር እንጂ በዚያ ማደርን አይወድም ነበር። ስለ ምን ቢሉት፥ የቆላ አየርና የረግረግ ሽታ ንዳድ ያመጣል ይል ነበር። ልማዱ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ነው። ንዳድ ወይም ወባ የሚተላለፈው በአየር ሳይሆን አስቀድማ የበሽተኛ ደም በመጠጠች ሴት ቢምቢ ንክሻ ነው። ይህችም ቢምቢ በተለይ ከምሽት እስከ ንጋት ድረስ ስለምትናከስ፥ ቀን ሠርቶ ማታ የሚመለሰው ገበሬ ያመልጣት ነበር። የዛሬው ጎብኚ ግን ቀኑን በመኪና ውስጥ ውሎ፥ ምሽቱን እጅጌውን ሰብስቦ በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ያሳልፋል።

ከዚህም ሌላ የደጋ ሰው ሰውነት ለወባ እንግዳ ነው። ወባ በሚበዛበት ቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ስለሚታመም፥ ሰውነቱ በሽታውን በመጠኑ መቋቋም ይለምዳል። የአዲስ አበባ ወይም የደብረ ብርሃን ልጅ ይህን አልለመደም። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ወባ ከወትሮው ስፍራ አልፎ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች በወጣ ጊዜ፥ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህሉ እንደሞተ ተገምቷል። ጉዳቱ እንዲህ የከፋበት አንዱ ምክንያት በሽታው ያልለመደውን ሕዝብ ማግኘቱ ነው። ሽርሽር የሚሄድ የደጋ ቤተሰብም በዚሁ ሁኔታ ላይ ይገኛል።

ወቅቱንም ማሰብ ያስፈልጋል። መስኩ ለምለም፥ አየሩም ደስ የሚያሰኝ የሚሆንበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ፥ ዝናቡ ትቶት በሄደው ኩሬ ቢምቢዋ የምትራባበትና ወባ በብዙ ስፍራ የሚጠነክርበት ጊዜ ነው። እንግዲህ በዚህ ወቅት የሚወርድ ሰው በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዞ ይሂድ፤ የሚያድርበት ቤት አጎበር ቢኖረውም ቀዳዳ እንደሌለው በብርሃን ይመልከት፤ ጫፉንም ከፍራሹ ሥር ይወትፍ። ከመምሸቱ በፊት እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስና ሙሉ ሱሪ ይልበስ፤ ባልተሸፈነው ገላው ላይ የቢምቢ መከላከያ ቅባት ይቀባ። በድንኳን የሚያድርም በሩን ዘግቶ ይቀመጥ፤ ለንፋስ ብሎ የከፈተው በር ለቢምቢዋም ተከፍቷል። ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ወባን ይከላከላል የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ነጭ ሽንኩርቱ ለወጥ ይሁን፤ አረቄው ግን ሰውየውን ያለ አጎበር ያስተኛዋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

አስቀድሞ የሚወሰድ የወባ መከላከያ መድኃኒትም አለ፤ ይህንንም ሐኪም ያዝዛል እንጂ ከጎረቤት አይዋሱትም። ዶክሲሳይክሊን የታዘዘለት ሰው ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ይጀምራል፤ ከተመለሰም በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ቤቴ ደረስኩ ብሎ ማቋረጥ ብዙዎችን ያሳምማል። ይህ መድኃኒት ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም። ነፍሰ ጡር ሴትና ጨቅላ ሕፃን በወባ ወቅት በቆላ ባያድሩ እንመርጣለን፤ ግድ ከሆነም ሐኪም ሳያማክሩ አይሂዱ።

ስለ ቢጫ ወባ አንድ ቃል እንጨምር። ስሙ ሰውን ያሳስታል፤ ወባ አይደለምና በወባ መድኃኒት አይድንም። ይህም በሽታ በትንኝ ይተላለፋል፤ በ2005 ዓ.ም. ማጎ በሚገኝበት በደቡብ ኦሞ ተነሥቶ ነበር። ክትባት ስላለው ወደዚያ የሚሄድ ሰው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ይከተብ። በማጎና በኦሞ በረሃ ደግሞ ከብትን በገንዲ የምታሳምመው ዝንብ በቀን ትናከሳለች፤ ሰማያዊና ጥቁር ልብስ ስለሚስባት በዚያ አገር የአፈር መልክ ያለው ልብስ ይሻላል።

ወደ ውኃው እንመለስ። በሐይቅ ዳር እግርን ማቀዝቀዝ የሚያስደስተው ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። በጫሞ ዳር አዞ አለ፤ ጉማሬም ማታ ለግጦሽ ይወጣልና በእርሱና በውኃው መካከል መቆም ሞትን መጋበዝ ነው። አዞ በሌለበትም ቢሆን ቢልሃርዚያ ይኖራል፤ ይህን በሽታ የሚያመጣው ትል በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በቆዳችን ሰርስሮ ይገባል። በመንገድ የምናገኛቸው ዝዋይና ሐዋሳ ከዚህ ነጻ አይደሉም። እግረ መንገዳችንን፥ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ማየታቸውንና እንዶድ እንደሚገድላቸው ማስረዳታቸውን እናስታውሳለን።

ለዝንጀሮና ለጦጣ ምግብ መስጠት ደግነት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እንስሳው ግን በሚቀጥለው ቀን ሳይሰጡት ይነጥቃል፤ ይነክሳልም። የነከሰ ወይም የቧጨረ እንደሆነ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፥ ከዚያም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደሚገኝበት ሐኪም ቤት በቶሎ መሄድ ይገባል። እባብ የነደፈውን ሰው መብጣት፥ መምጠጥና አጥብቆ ማሰር ይጎዳዋል፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅሱ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን እንናገር። ወባ ቢምቢዋ በነከሰች ቀን አይታይም፤ ከሰባት ቀን በፊት መታየቱም እምብዛም ነው። ስለዚህ ጎብኚው ደኅና ሆኖ ይመለሳል፤ ፎቶግራፉን ለወዳጆቹ ያሳያል፤ ሥራውንም ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ራሱንና መገጣጠሚያውን ያመዋል፤ ትኩሳትና ማስመለስ ይከተላል። ደጋ ላይ ስለሆነ ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል፤ ወይም የታይፎይድ መድኃኒት ገዝቶ ይውጣል። ክፉው የወባ ዓይነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ያደርሳል፤ በሕፃን ላይ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት በተሰማው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር፤ ሐኪሙም ሳይጠይቀው የት እንዳደረና በስንተኛው ቀን እንደተመለሰ ይንገረው። ሌላው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል፥ በጥቅምት አዋሽ ያደረ ሰው በግንቦት ቢያተኩሰውም ይህንኑ ይናገር።