የተደፈነ የእጅ መታጠቢያና የፓስካል ሕግ

የእጅ መታጠቢያ ሳህን ተደፍኖ ውሃው አልወርድ ሲል አብዛኞቻችን የቧንቧ ሠራተኛ እናስጠራለን፤ አለዚያም ከሱቅ ኮስቲክ ሶዳ አስገዝተን እንጨምርበታለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከሁለቱም በፊት ሊሞከር የሚገባውን፣ እንዲሁም ፈጽሞ ሊሞከር የማይገባውን እንመለከታለን። ጉዳዩ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በፈሳሾች ምዕራፍ ከምናስተምረው አያልፍም። ይሁን እንጂ ያስተማሩትን በራስ ቤት ማስታወስ ሌላ ነገር መሆኑን አንባቢ ከዚህ በታች ይታዘበናል።

ከሳህኑ ሥር ጎንበስ ብሎ የተመለከተ ሰው ቧንቧው በቀጥታ ወደ ግድግዳው እንደማይገባ፣ ይልቁንም ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ እንደሚታጠፍ ያያል። የቧንቧ ሠራተኞች ሲፎን የሚሉት ይህንን ነው። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለው ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ በ1775 እ.ኤ.አ. ለመጸዳጃ ቤት የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት ንድፍ ውስጥ ይኸው መታጠፊያ ይገኛል። በመታጠፊያው ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይቀራል። 5 ሴ.ሜ ከፍታ ያለው ውሃ ወደ 500 ፓስካል የሚጠጋ ግፊት ስለሚቋቋም ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣው ሽታና ጋዝ ወደ ቤት እንዳይገባ ያግደዋል። ችግሩ ውሃን የሚያስቀር መታጠፊያ ሌላውንም ማስቀረቱ ነው።

የድፍኑ መሠረት ፀጉር ነው፤ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ መረብ ይሆናል። በውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ከሳሙና ጋር ሲዋሐድ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ፈጥሮ በመረቡ ላይ ይለጠፋል። በእኛ አገር ደግሞ የሚታከል አንድ ነገር አለ፤ ቅቤ። ቅቤ የተቀባ ፀጉር በሳህኑ ላይ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ፣ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሽየስ የሚቀልጠው ቅቤ እንደ ዘይት ፈስሶ ይወርዳል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ያቀዘቀዘው ቧንቧ ውስጥ ሲደርስ ግን መልሶ ይረጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ሙቀት ነው። በቅድሚያ የቆመውን ውሃ በኩባያ ቀድቶ ማውጣት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሙቁ ውሃ ከቀዝቃዛው በላይ ይንሳፈፋል እንጂ ከድፍኑ አይደርስም። የፈላ ውሃ ግን አንመክርም። ምንም እንኳ አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ቢፈላም፣ የፒቪሲ ቧንቧ 80 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል።

ሙቀት ካልበቃ ተራው በእንጨት እጀታ ጫፍ ላይ ጽዋ የመሰለ ጎማ ያለው መግፊያ ነው። የጎማው አፍ ዲያሜትር 10 ሴ.ሜ ቢሆንና በ100 ኒውተን፣ ማለትም 10 ኪ.ግ. በሚያህል ሸክም ብንጫነው፣ ከሥሩ 12.7 ኪሎፓስካል ግፊት ይፈጠራል። ይህም 1.3 ሜትር ከፍታ ካለው የውሃ ዓምድ ጋር ይተካከላል። ከድፍኑ በላይ የቆመው ውሃ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

እኛ ግን ባለፈው ዓመት በቤታችን ለግማሽ ሰዓት ስንገፋ ብንቆይ ውሃው ንቅንቅ አላለም። ተስፋ ቆርጠን ለመጸዳጃ ቤት ማጽጃነት የሚሸጠውን አሲድ አነሣንና ክዳኑን መፍታት ስንጀምር፣ በቤት ሥራ የምትረዳን ልጅ ከበሩ ላይ ሆና፦ «ጋሼ፣ ማታ እኮ በረኪና ጨምሬበታለሁ፤ ችግር የለውም?» አለችን። ክዳኑን መልሰን አጠበቅነው።

በረኪና የሶዲየም ሃይፖክሎራይት ብጥብጥ ነው። ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል፤ በ1915 እ.ኤ.አ. በኢፕር የጦር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ይኸው ነበር። ክሎሪን ከአየር ወደ 2.5 እጥፍ ስለሚከብድ በሳህኑ ላይ ካጎነበሰ ሰው ፊት ቶሎ አይርቅም፤ የመታጠቢያ ቤቶቻችን ደግሞ ጠባብ ናቸው፣ አንዳንዶቹም መስኮት የላቸውም። ይህን የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ያዳነን ግን የልጅቱ ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን አሰብን። ፓስካል ያስተማረው በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተጨመረ ግፊት ሳይቀንስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደሚተላለፍ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ቃል «በተዘጋ» የሚለው ነው። ከሳህኑ ጠርዝ በታች ያለችው የትርፍ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ከድፍኑ በላይ ከቧንቧው ጋር ትገናኛለች፤ የገፋነው ሁሉ በእርሷ በኩል ሽቅብ እየተመለሰ ኖሯል። ይህንኑ ሕግ በዚያው ሳምንት በሰሌዳ ላይ ጽፈነው ነበር። ቀዳዳዋን በእርጥብ ጨርቅ ደፍነን፣ ጎማው እስኪሸፈን ድረስ ውሃ ጨምረን ስንገፋና ስንስብ በስድስተኛው ላይ ጉርጉር ብሎ ወረደ።

ጎማው በውሃ ይሸፈን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎማው ሥር ግማሽ ሊትር አየር ቢኖር፣ ያንኑ 12.7 ኪሎፓስካል ለማግኘት አየሩን በ56 ሚሊ ሊትር ማጨቅ ይበቃል፤ ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ነው። የከባቢው አየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል ገደማ በሆነበት በአዲስ አበባ በ71 ሚሊ ሊትር ማጨቅ ያስፈልጋል። ድካማችን አየሩን በማጨቅ ያልቃል ማለት ነው። ውሃ ግን በቀላሉ አይታጨቅም።

ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ቀላቅሎ መጨመርን ብዙዎች ያመሰግኑታል። አረፋው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ወደ ላይ ክፍት በሆነ ቧንቧ ውስጥ ግፊት ሊያጠራቅም አይችልም፤ የሚቀረውም ጨው ያለበት ውሃ ነው። ጉዳት የለውም፤ ጥቅሙ ግን ጥቂት ነው። ኮስቲክ ሶዳ በአንጻሩ ስብንና ፀጉርን በእርግጥ ይበላል። ሆኖም ሲሟሟ ብርቱ ሙቀት ያወጣል፤ ከተረጨም ዓይን ያጠፋል። ካልሠራ ደግሞ በመታጠፊያው ውስጥ ቆሞ ቀጥሎ የሚፈታውን ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ የቧንቧ ሠራተኛ ከተጠራ ምን እንደተጨመረበት ሳይጠይቅ ሊነገረው ይገባል።

መግፊያው ካቃተው ሲፎኑን መፍታት ነው። ከሥሩ ባልዲ ይቀመጣል፤ የፕላስቲክ ዳዶው በእጅ ይፈታል፤ በሚገጠምበትም ጊዜ ጎሚኒው በቦታው መኖሩ ይታያል። በፒንሳ ማጥበቅ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ከዚያም ሲፎኑ እንዲሞላ ሁለት ኩባያ ውሃ ማፍሰስ ነው። ቤት ዘግቶ ለወራት የሚሄድ ሰው ከውሃው በላይ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ቢጨምር ትነቱ ይዘገያል፤ ሲመለስም የፍሳሽ ሽታ አይቀበለውም።