የመንገድ ማዕዘንና የእግረኛ ሕይወት

የመኪና አደጋ በተነሣ ቁጥር ጥፋቱን ሁሉ በሾፌሩ ጠባይ ላይ ጥሎ ማለፍ ተለምዷል። የመንገዱን ቅርጽ መመርመር የሚወድ አንባቢ ግን ሆቦከንን ይመልከት። ከኒው ዮርክ ማዶ በሐድሰን ወንዝ ዳር ያለች፥ 60,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባት ጠባብ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2017 መጀመሪያ በኋላ እስከ 2023 ፍጻሜ ድረስ በከተማዋ መንገዶች ላይ በመኪና አደጋ የሞተ ሰው የለም። ግጭቱና ቁስለቱ ግን አልቀረም፤ ስለዚህ የአደጋን ቁጥርና የሞትን ቁጥር ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ምንድር ነው? ዋናው ማዕዘኑ ነው። መሻገሪያ አጠገብ መኪና ከቆመ፥ ሾፌሩ እግረኛውን፥ ይልቁንም ሕፃኑን፥ የሚያየው ከፊቱ ብቅ ካለ በኋላ ነው። የኒው ጀርሲ ሕግ ከመስቀለኛ መንገድ መሻገሪያ እስከ 7 ሜትር ተኩል ድረስ መኪና ማቆምን ይከለክላል፤ ሕግ ብቻውን ወረቀት ነውና ሆቦከን በየማዕዘኑ ምሰሶ፥ የብስክሌት ማሠሪያና የአትክልት መደብ አኖረችበት። እንግዲህ ፖሊስ ባይኖርም ቦታው ክፍት ነው። (እኔን ይበልጥ የገረመኝ የወጪው ማነስ ነው።)

በ2022 ደግሞ የፍጥነት ወሰኗን በሰዓት ወደ 32 ኪሎ ሜትር አወረደች። የፊዚክስ ተማሪዎች እንደሚነግሩን የሚንቀሳቀስ ነገር ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋልና፥ በ50 የሚመጣው መኪና በ30 ከሚመጣው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጉልበት ይዞ ነው የሚደርሰው።

በአዲስ አበባም በመኪና ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው፤ ታክሲዎቻችንም ብዙ ጊዜ ተሳፋሪ የሚያወርዱት መሻገሪያው አፍ ላይ ነው።